ልብስ ሰፊው ለሪሀና ያስተማራት እርምጃ

ከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን ያለችውን የሲራጅን ልብስ ስፌት ቤት የማያውቅ ባጃጅ ነጂ ካለ፣ እሱ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ነው። ሲራጅ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ ለዒድ ጀለቢያ ይሰፋል። ዘንድሮ አርባ ስምንት ዓመቱን ይዟል። እጁ የተመሰገነ ነው፤ ቀጠሮው ግን አይታመንም። ማክሰኞ ይደርሳል ያለህ ሱሪ ሐሙስ ከደረሰልህ ደስ ይበልህ። ስንፍና ይዞት አይደለም። መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የተዘረጋ የቼዝ ሰሌዳ አለ። ደንበኛ ሲገባ ሲራጅ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ "ተቀመጥ እስቲ፣ አንድ ጊዜ እንጫወት" ይላል። አንዱ ሦስት ይሆናል፣ ሱሪው ይረሳል።

ጨዋታውን ያስተማረው ድሮ ከሚሴ ተመድቦ ይሠራ የነበረ አንድ የጤና መኮንን ነው። ሰውየው ሲዛወር ሰሌዳውን ለሲራጅ ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲራጅ ያገኘውን ሁሉ ሲያስተምር ኖረ፤ ከጨፋ መጥቶ ማሽላውን ሸጦ ሲመለስ ኮቱን ሊያስጠግን ጎራ ያለ ገበሬ እንኳ አላመለጠውም። ከተማው "ኡስታዝ" ይለው ጀመር፣ ግማሹ በፌዝ፣ ግማሹ ከልቡ። ሲራጅ "ኧረ እባካችሁ፣ እኔ መርፌ ያዥ ነኝ" ይላል። ቃሉ ሲጠራለት ግን ደስታው ከፊቱ እንደሚነበብ ሚስቱ ዘሊካ ታውቃለች።

አንድ ነገር ሆዱን ይበላው ነበር። የዞኑ ስፖርተኞች ለክልል ውድድር በሄዱ ቁጥር፣ ቱታቸው ጀርባ ላይ የዞኑን ስም የሚሰፋው እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሯጩም፣ የኳስ ተጫዋቹም፣ የቴኳንዶውም ልጅ ቱታ በእጁ አልፏል። አንድ ቀን ሱቁ ባዶ ሲሆንለት አንዱን ለብሶ መስታወት ፊት እንደቆመ ዘሊካ ገብታ አገኘችው። "እጅጌው አጠረ?" ብላ ብቻ አለፈችው። ደግ ሴት ናት። እናም ዘንድሮ በቼዝም ከዞኑ አንድ ሰው ተመርጦ ደሴ ለሚደረገው ውድድር ይላካል ሲባል፣ ሲራጅ ያንን ቀን ሙሉ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው።

የሚያሰጋው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷንም ያስተማራት ራሱ ነው።

ሪሀና ከጎኑ ባለው ፋርማሲ የምትሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ነጭ ገዋኗን ልታሳጥር ገብታ ሰሌዳውን አየችና "ይሄ ፈረስ ለምንድን ነው ጠማማ የሚሄደው?" አለች። ሲራጅ ነገራት። በማግስቱ መጣች፣ በሳልስቱም መጣች። በስድስት ወሯ ዋለን አሸነፈችው። ዋለ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የሲራጅ የሃያ ዓመት ወዳጅ፣ ሱቁ ውስጥ ካለችው ብቸኛ ባለመደገፊያ ወንበር የማይነሳ ሰው ነው። ከዓመት በኋላ ሲራጅን ራሱን አሸነፈችው። ያን ዕለት ሲራጅ ደስ ብሎት ሱቁ ውስጥ ላለው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። "አያችሁ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!" እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ተናገረ።

ደስታው ግን ልክ ነበረው። ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከታትላ ረታችው፤ ሦስቱንም ደንበኛ ቆሞ እያየ። ዋለ ከወንበሩ ሳይነሳ "ሲራጅ፣ ከእንግዲህ ኡስታዝ የምንለው ማንን ነው?" አለ። ሰው ሳቀ። ሲራጅም ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን ወደ ማሽኑ ዞረ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሪሀና አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ነጩ ተጫዋች ጳጳሱንና ፈረሱን አስተባብሮ ቶሎ ሲመጣብኝ ግራ ይገባኛል" አለች። ጠጠሮቹን ደረደረችና አሳየችው። ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን፣ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌላት አንዲት ወታደር አለች፤ የነጩ ጳጳስና ፈረስ ሁለቱም እሷ ላይ አነጣጥረዋል። ጥቁሩ የጳጳሱን መንገድ ለመዝጋት መሐል ላይ ሌላ ወታደር ይገፋል፤ ነጩ ያንን ይበላዋል። "አሁን በምን ልመልስ? የበላኝን ወታደር በዚህ ፈረስ ልብላው? ወይስ ያኛውን ፈረስ ወደ ጠርዝ አውጥቼ ጳጳሱን ላባርር?"

ሲራጅ መልሱን አሳምሮ ያውቀው ነበር። በፈረስ የበላ ሰው አለቀለት። ነጩ ፈረስ ዘሎ ያቺን ወታደር ይበላል፣ ንጉሡ እሱን ሊበላ ሲወጣ ወደ ሜዳው መሐል ይጎተታል፤ ከዚያ በኋላ ሰላም የለውም። መዳኛው ወደ ጠርዝ የሚወጣው ፈረስ ነው። ይህን ሲራጅ ተሸንፎ ተሸንፎ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው የተማረው።

"በፈረስ ብዪው" አላት።

"ጠርዙስ?"

"ፈረስ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል? ብዪው በቃ።"

ይህን ያለው ጠመኔ በጥርሱ ነክሶ፣ የአንድ ሰው ሱሪ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው። ቀና ብሎ አላያትም። ዋለና ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሰምተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሱቁ ሰው ሁሉ እንደ ደንብ ያዘው፤ "ሲራጅ ብሏል፣ በፈረስ ብላ" ይባባላል። ሲራጅ በዚያች ሰዓት የፈለገው አንዲት ቀን ማሸነፍ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሊያርመው አሰበ። በማግስቱ ደንበኛ በዛ። ከዚያ ረመዷን ገባ፣ ነገሩም ሆዱ ውስጥ ቀረ። ከእሷ ጋር ሲጫወት ግን ያንን አከፋፈት ዳግመኛ አልነካውም፤ ለምን እንዳልነካው ራሱን አልጠየቀም። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይጠይቅም።

ውድድሩ ግንቦት ላይ በወጣቶች አዳራሽ ተደረገ። አሥራ ስድስት ሰው በጥሎ ማለፍ ተጫወተ። ዳኛው ምንተስኖት የሚባል ከደሴ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ስልኩ የጮኸበትን ሁሉ ያስወጣል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀሩት ሲራጅና ሪሀና ብቻ ሆኑ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግማሹ የሱቁ ደንበኛ ነው፤ ሱሪው ያልደረሰለትም ጭምር መጥቷል። ዕጣ ሲወጣ ነጩ ለሲራጅ ደረሰው።

"ቢስሚላህ" አለና ወታደር ገፋ። ፈረስ አወጣ፣ ጳጳስ አወጣ። ሪሀናም እንደሚጠበቀው መለሰች። በአራተኛው እርምጃ ላይ እጁ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ዝም ብሎ ሌላ መጫወት ይችል ነበር። ንጉሡን ደብቆ፣ ዳር ያለ ወታደር ገፍቶ፣ እንደ ሰው ሊጫወት ይችል ነበር። ግን ያ ቱታ ትዝ አለው፤ ከዋለ ወንበር የተነሳው ሳቅም ትዝ አለው። ደግሞም ለራሱ ምክንያት አበጀ። "እስካሁን ከስልኳ አይታ ትክክለኛውን ደርሳበት ይሆናል፤ ካወቀችው ምን ጎዳኋት?" አለ በሆዱ። ፈረሱን አነሳና በዚያች ወታደር ላይ አነጣጠረው።

ሪሀና መሐል ላይ ወታደሯን ገፋች። ሲራጅ በላው። ከዚያ እሷ ማሰብ ጀመረች።

አሥራ አንድ ደቂቃ አሰበች። እርምጃዋን አስቀድማ የጨዋታው መመዝገቢያ ወረቀት ላይ መጻፍ ልማዷ ነበር፤ ሳይጫወቱ መጻፍ ክልክል ነውና ምንተስኖት ሁለት ጊዜ ተቆጥቷታል። አሁንም ጻፈች። እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው። ቀና ብላ ከሲራጅ ጀርባ የቆመውን ሰው አየች። ዋለ እዚያ ነበር፤ የሱቁ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ አንዱም በሹክሹክታ "በፈረስ መብላት ነዋ፣ ምን ትጠብቃለች" አለ። አጎንብሳ ወረቀቷ ላይ ጫር ጫር አደረገችና ሌላ ጻፈች። ከዚያ በፈረሷ በላችው።

ሲራጅ ትንፋሽ ሳይወስድ ፈረሱን አስገባው። እጁ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሄደ። ወታደሯ ወደቀች። ያኔ ሪሀና ዓይኗን አነሳችና አየችው። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። ብቻ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲራጅ ሰዓቱን የሚያይ መስሎ ፊቱን አዞረ።

የቀረው ሥጋ ቤት ነበር። ንጉሡ ሜዳ መሐል ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ሲሸሽ፣ በሃያ አራተኛው እርምጃ ሪሀና መሸነፏን አምና አስተኛችው። ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችው። "ማሻአላህ፣ ጋሼ" አለችው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ምንተስኖት የሁለቱንም ወረቀት አቀረበና "በሁለቱም ላይ ፈርም" አለው። ሲራጅ የራሱ ላይ ፈረመ። የሪሀናን ሲገልጥ አምስተኛው መስመር ላይ ዓይኑ ተተከለ። መጀመሪያ የጻፈችው የፈረሱን ወደ ጠርዝ መውጣት ነው። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰርዛዋለች፤ ከጎኑ ሌላውን ጽፋለች። የተሰረዘው በደንብ ይነበባል። ፊቱ ፍም መሰለ። ታውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀች፣ ሰው ፊት እሱን ላለማረም ስትል፣ ንጉሧን ለገደል ሰጠችው። ሲራጅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ምንተስኖት አሸናፊው ጥቂት ቃል እንዲናገር ጋበዘው። ሲራጅ ተነሳ። ሊናገረው ፈልጎ ነበር፣ ወላሂ ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ይሄ ነው፦ "እኔ አልበለጥኳትም። መሄድ የሚገባት እሷ ናት። ድሉ የኔ አይደለም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በእኛ አገር አሸናፊ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ራሱን ያላሳነሰ ሰው ጥጋበኛ ይባላል። ዋለ አቅፎ ትከሻውን ደበደበው። "ትሕትና ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ለሰው ሁሉ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ "የደረሳና የሸይኽ አደብ ዛሬ አየን" ብለው መረቁት። ሲራጅ ምርቃቱን ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለ። ሪሀና በር ላይ ቆማ ሰማችው፤ ከዚያ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ቤቱ ሲደርስ መግሪብ ሊል ነበር። ዘሊካ ቁልፍ የምትተክልበትን ሸሚዝ ይዛ ቁጭ ብላለች። ሲራጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ሐሙሱንም፣ ጠመኔውንም፣ የተሰረዘውንም። አዳራሹ ውስጥ የተናገረውንም ጨመረ። "እውነቱን ብነግራቸው ትሕትና አደረጉት" አለ።

ዘሊካ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?"

"መሄድ የሚገባት እሷ ናት አልኩ።"

"አሳስቻታለሁ ብለሃል?"

ሲራጅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"እንዲህ ስትል ምን ብለው እንደሚሰሙህ ጠፍቶህ ነው?"

አልጠፋውም ነበር። ቃሉን ሲመርጥ ያውቅ ነበር። ከውሸቱ ይልቅ ያ ጭብጨባ አሳፈረው፤ ውሸቱን በንዴት ነው የተናገረው፣ ጭብጨባውን ግን አስልቶ ነው ያገኘው። ያን ዕለት ሚስቱን ፊት ለፊት ማየት አልቻለም።

በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ሰው አስቀድሞ በር ላይ ቆሟል። ሻይ ታዘዘ። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ኡስታዝ!" ይላል አንዱ፤ "ደሴን አስተምራቸው!" ይላል ሌላው። ዋለ ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። ሲራጅ ወደ ፋርማሲው አንገቱን አስግጎ "ሪሀና፣ አንዴ ነይልኝ" አለ። እሷም ገዋኗን እንደለበሰች መጣች።

"አካም ቡልታን፣ ጋሼ?" አለች፣ እንደ ወትሮዋ።

ሰላምታዋን በጥድፊያ መለሰ። ሰሌዳው ላይ ጠጠሮቹን ደረደረ፤ እስከዚያች አምስተኛ እርምጃ አደረሰው። "ስሙኝ" አለ። "እዚህ ላይ በፈረስ ብሉ ብያችሁ ነበር። ልክ አይደለም። ፈረሱ ወደ ጠርዝ ነው የሚወጣው።"

"ኧረ ተው ሲራጅ!" አለ ዋለ እየሳቀ። "ትናንትም እንዲሁ አድርገኸን ነበር። ሰው ይሳሳታል፣ ምን አለበት? አብሽር!"

"አልተሳሳትኩም፣ ዋለ። ዋሽቼ ነው። ልጅቷ ስትጠይቀኝ መልሱን አውቀው ነበር። ስላሸነፈችኝ ደበቅኳት። ትናንትም ሆን ብዬ ነው በዚያው መንገድ የሄድኩባት።"

ሳቁ ቆመ። ዋለ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ቆይ፣ እኔም ሰምቼህ ነበር እኮ። ስንት ጊዜ በዚህ ተሸነፍኩ! እኔንም ጭምር ነው?"

"አንተንም።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ…" ብሎ ጀመረና ዋለ አልጨረሰውም። አንዱ ደንበኛ "አስተግፊሩላህ" እያለ ወጣ፤ ያለቀ ሱሪውን እንኳ መስቀያው ላይ ትቶት ነው የሄደው።

"ጋሼ፣ ይበቃል" አለች ሪሀና ቀስ ብላ።

"ታውቂው ነበር፤ ወረቀትሽ ላይ አየሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ረመዷን ውስጥ ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን? ለምን በልተሽ ሞትሽ?"

ሪሀና ወደ ሰዎቹ አየች፣ ከዚያ ወደ ወለሉ። "ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር። እርስዎ ያስተማሩኝን ትቼ በሌላ ባሸንፍ፣ ሲራጅ አያውቅም ሊባል ነው። እርስዎም አያውቁትም ብዬ ነበር።" ከዚያ ጨመረች። "ፈረሱን እስኪያስገቡት ድረስ።"

ሲራጅ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለ፣ ከዘሊካ በቀር ማንንም ብሎት የማያውቀውን። እሷም "አውፍ ብያለሁ" አለችና፣ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ስላለ ሄደች።

በዚያው ጠዋት ምንተስኖት ወደ ደሴ ሳይመለስ ሲራጅ ደረሰበት። ዳኛው ግራ ተጋባ። "ይሄ እኮ ጥፋት አይደለም፤ በሕጉ የለም። ሰው ለተፎካካሪው እውነት የመናገር ግዴታ የለበትም" አለው። ሲራጅ "ተፎካካሪዬ አልነበረችም፣ ስትጠይቀኝ ተማሪዬ ነበረች" አለ። ዕድሉን የመተው ቅጽ ተሰጠው። ምክንያት በሚለው ቦታ "ስለማይገባኝ" ብሎ ጻፈ። አየው። ይሄም ያው ትሕትና ይመስላል። ሰርዞ "ተማሪዬን አውቄ ስላሳሳትኩ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሁለተኛ የወጣው ተተኪ ነውና ዕድሉ ለሪሀና ሆነ። እሷ ሁለት ቀን አሰበችበት፤ "በእርስዎ ቦታ እንዴት ብዬ?" አለች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሄደች። ጎበዝ! ባትሄድ ኖሮ እኔ ራሴ በተናደድኩ ነበር።

ከሰባት ጨዋታ አራቱን አሸንፋ ተመለሰች። ሱቁ በዚያ ሰሞን ጭር ብሎ ነበር። ሱሪ በቀጠሮው ቀን ይደርሳል፤ ሰው ግን ወስዶ ይሄዳል፤ አይቀመጥም። "ኡስታዝ" የሚለውም ስም ማንም ሳያውጅ ቀረ። ዋለ ለሁለት ሳምንት ተኮራርፎ ቆይቶ መጥቷል፤ የሚያወራው ግን ስለ ዝናብ ነው።

ሪሀና ከደሴ በተመለሰች በማግስቱ ወረቀቶቿን ይዛ ገባች፤ ሰላምታ ሰጠች፤ የገዋኗ ኪስ ተቀዶ ነበርና አውልቃ አቀበለችው። ሲራጅ ሲሰፋ ቆይቶ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ ጠየቃት። "የመጨረሻውን ያሸነፍሽው በምን አከፋፈት ነው?"

ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ። በየት በኩል ነው እሱ እሷን የሚጠይቀው? ብትስቅበት፣ ወይም "ረሳሁት" ብላ ብታልፈው መብቷ ነበር፤ እንዲያውም እንደዚያ እንድትለው ተመኘ።

ሪሀና ወንበር ስባ ጠጠሮቹን ደረደረች። ያቺን ጨዋታ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምራ አሳየችው። ደሴ ላይ ራሷ ያገኘችውን፣ ለማንም ያላሳየችውን ወጥመድ አሳየችው። የት ላይ እንደሚሰበር፣ ጥቁሩ በምን ሊያመልጥ እንደሚችል፣ እሱ ከእሷ ጋር ሲጫወት በምን ሊያሸንፋት እንደሚችል ሳይቀር ነገረችው። አንዱ ሲያልፈው መልሳ ደረደረች። "ገባዎት ጋሼ? ካልገባዎት ድጋሚ ላሳይዎት" አለች።

ገብቶታል። አንዳች አልደበቀችውም። ሲራጅ የተሰፋውን ገዋን እጁ ላይ እንደያዘ፣ አጎንብሶ ቀረ።